አቡያ የፈረዱት ፊልም

በ2014 አዶሌሳ የምንለው ወቅት ነገሌ ላይ ደመናማና ቀዝቃዛ ነበር፤ ደመናው ግን ጠብታ አልያዘም። በቦረና ከ2013 የሀገያ ዝናብ ጀምሮ አራት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ቀርተዋል። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ በወጋችን አቡያ የምንላቸው፣ ከሊበን ሜዳ ወደ ቤታችን የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ከመንጋቸው የተረፉትን ጥቂት ላሞች ለልጆቻቸው ትተው፣ ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ስለ ሞቱት ከብቶች አላወሩም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ቤታችን ማታ ማታ ፊልም ይታያል። እናቴ ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የሚቀርቡትን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች አታሳልፍም። አባቴ ጡረተኛ ወታደር ነው፤ የአገራችንን ፊልም ይመርጣል። ስምንተኛ ክፍል የምትማረው የእህቴ ልጅ ገበያው አጠገብ ካለው ሚሞሪ ቤት ፍላሽ እያስጫነች ታመጣለች። አቡያ አማርኛ ብዙም ስለማይሰሙ እግራቸው ሥር ተቀምጣ የምትተረጉምላቸውም እሷ ናት። በዚያ ክረምት ካየናቸው ውስጥ ሦስቱን ፊልሞች እስካሁን የማልረሳቸው ከፊልሞቹ ይልቅ በተሰጣቸው ፍርድ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን ድርቅ ይነጥቀዋል። አባቱ ቹኒ ከሚባለው በጉ ጋር ወስዶ ዘመድ ቤት ይተወውና ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሄዳል። አጎትየው በጉን ለበዓል አርደዋለሁ ይላል። ልጁ ሳምቡሳ እየሠራ ገበያ አውጥቶ ይሸጣል፤ ሳንቲም አጠራቅሞ በጉን ይዞ ወደ ቀዬው ሊመለስ።

አጎትየው በጉ እንዲታረድ ቁርጡን ሲናገር መብራት ጠፋ። ሻማ እስኪፈለግ ድረስ ጨለማው ውስጥ ክርክር ተነሣ። የእህቴ ልጅ አጎትየው ጨካኝ ነው አለች። እናቴም ተስማማች። አቡያ ግን አልተቀበሉም። «ቤቱ ችግር አለ። የሰው ልጅ አስጠግቶ ያበላል። በግ ማረድ ጭካኔ አይደለም» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ይህ ልጅ ወገን የለውም እንዴ? እናቱ ስትሞት፣ ከብቱ ሲያልቅ፣ ጎሳው ተሰብስቦ ምን ሰጠው? አንድን ልጅ ከአንድ በግ ጋር እንዴት ብቻውን ይሰዱታል?» አሉ።

ቦረና ቡሳ ጎኖፋ የሚለው ሥርዓት አለው። ከብቱ ያለቀበት ሰው ለጎሳው ያሳውቃል፤ ጉዳዩ ተጣርቶ ያለው ከመንጋው ያካፍለዋል። አቡያ ፊልሙን የመዘኑት በዚያ ሚዛን ነው። ከካን የጻፉ ተቺዎች የልጁን ትወናና የተራራውን ውበት አይተዋል፤ የልጁን ብቸኝነት እንደ ሕግ ጥሰት ቆጥሮ የከሰሰ ግን ከአቡያ በቀር አልሰማሁም። መብራት ከመምጣቱ በፊት ደግሞ ያልጠበቅነው ሆነ። አቡያ ስለ ራሳቸው ከብቶች ማውራት ጀመሩ። የሞቱትን በየቀለማቸውና በየእናታቸው ጠሩ። ዘንድሮ ሁሉም ስላለቀበት ቡሳ ጎኖፋ የሚሰጠው ሰው እንደጠፋ ነገሩን። የኤፍሬም በግ ባይኖር ኖሮ ያን ሌሊት ይህን የሚያወጡ አይመስለኝም።

ሁለተኛው «ድፍረት» ነው። የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ማሳያው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የተቋረጠውም እሱ ነው። የ14 ዓመቷ ሂሩት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለጋብቻ ትጠለፋለች፤ ጠላፊዋን በራሱ ጠመንጃ ትገድለዋለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች መዓዛ አሸናፊ ትቆምላታለች። ታሪኩ በእውነተኛ ክስ ላይ የተመሠረተ ነው፤ መዓዛም በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ተሹመው ነበር።

ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በልጅቷ ዕጣ ላይ ሲመክሩ አቡያ ከወንበራቸው ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ሲያልቅ፣ «የሚጮኽ እንጂ የሚያዳምጥ ሽማግሌ አላየሁም። ልጅቷን ሳይሰሙ በምን ይፈርዳሉ?» አሉ። ጉሚ ጋዮ በሚባለው የቦረና ጉባኤ ላይ በየስምንት ዓመቱ ሕግ ሲመከር ያዩ ሰው ናቸው፤ ለሸንጎ ክብር አላቸው። ክብሩን የነኩት የፊልሙ ሽማግሌዎች ናቸው ብለው ተቆጡ።

እናቴ ቡና እያፈላች ነበር። ጀበናውን ሳታነሣ፣ «እኛን እህቶቻችሁን ስትድሩ ማን ጠየቀን?» አለች። የእህቴ ልጅ ይህንን መተርጎም አላስፈለጋትም፤ እናቴ የተናገረችው በኦሮምኛ ነው። አቡያ መልስ ለመስጠት አልቸኮሉም። እናቴ ቀጠለች። ለዓመታት የተከታተለችው «ጥቁር ፍቅር» ላይ ኒሃን ወንድሟን ለማዳን ብላ የማትወደውን ሰው ስታገባ ጎረቤቶቻችን ይወቅሷት ነበር፤ እኔ ግን አልወቀስኳትም አለች። ሴት ልጅ ለወንድሞቿ ስትል የምትከፍለውን አውቀዋለሁ አለች። የቱርክ ድራማ ባህላችንን ያበላሻል ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በ2008 የአገራችን ባለሙያዎችም ተሰብስበው ተቃውመዋል፤ ለሥራቸው ማሰባቸውም ይገባኛል። እናቴ ግን ከዚያ ድራማ ያገኘችው ታላቅ ወንድሟ ፊት የምትናገርበትን መንገድ ነው። አቡያ በመጨረሻ «እውነቷን ነው» አሉና ስኒያቸውን ዘረጉ።

ሦስተኛው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል። ጀርመን የተማረው ሐኪም አንበርብር ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ፣ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀው ያገኛቸዋል። አባቴ ይህን ፊልም ያየው ዝም ብሎ ነው። ሲያበቃ፣ «ወታደሩን በሚሸሹት ልጆች ዓይን አሳየኝ፤ ጥሩ አድርጓል» አለ። «ግን ከዋሻው የተያዘው ልጅ ነገ ያው ወታደር ነው የሚሆነው። እኔ እንዲህ ያሉትን አሠልጥኛለሁ። የእናታቸውን ስም እየጠሩ የሚያለቅሱ ነበሩ። እሱን የሚያሳይ ሌላ ፊልም ያስፈልጋል።»

ከዚያ ስለ 1966 አወራ። ጥር 4 ቀን ነገሌ የሰፈረው ጦር ባመፀ ጊዜ አባቴ ወጣት ባለሌላ ማዕረግ ነበር። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዳ ከለከሉ፤ ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውሃ አጠጧቸው። የዚያ ዓመት አብዮት መነሻ ሲቆጠር የነገሌ ስም የሚነሣው በዚህ ነው።

የእህቴ ልጅ ተርጉማ ስትጨርስ አቡያ፣ «አባ ሄሬጋው የት ነበር?» ብለው ጠየቁ። በቦረና ኤላ በሚባለው የውሃ ጉድጓድ ላይ የመጠጣት ተራ የሚያስከብረው አባ ሄሬጋ ነው፤ የተጠማ ሰውን ከውሃ መመለስ ነውር ነው። አባቴ ረጅም ጊዜ ካሰበ በኋላ፣ «አልነበረንም። ቢኖረን ኖሮ መንግሥቱም ላይወድቅ ይችል ነበር» አለ። ከእናቴ ጋር ዕድሜውን ሙሉ የኖረ ሰው ነው፤ የቦረናን የውሃ ሕግ ከራሱ ታሪክ ጋር ሲያገናኝ ግን የሰማሁት ያን ማታ ብቻ ነው።

ስለ አገራችን ፊልም ሲጻፍ ሁልጊዜ የሚነሣው የበጀት፣ የካሜራና የድምፅ ጥራት ነው። እነዚህ ያስፈልጋሉ። የሚጎድለን ትልቁ ነገር ግን ሥራው የሚመለከታቸው ሰዎች አይተው የሚሰጡት ፍርድ ነው። «ላምብ»፣ «ድፍረት»ና «ጤዛ» በውጭ አገር አዳራሾች ተጨብጭቦላቸዋል፤ ወደ እኛ የመጡት በፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። ነገሌ፣ ያቤሎ፣ ሞያሌና ፊልቱ ላይ ፊልም በኦሮምኛና በሶማልኛ ትርጉም ቢታይ፣ ፊልም ሠሪውም መጥቶ ከተመልካቹ ጋር ቢቀመጥ፣ ስለ ሽማግሌ ሸንጎ፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ወታደር የሚሠራው ቀጣይ ሥራ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ። ከብቱን ያጣ ሰው ስለ ድርቅ ፊልም የሚናገረው አለው። ሳትጠየቅ የተዳረች እናትም ስለ ጠለፋ ፊልም የምትናገረው አላት። መጥቶ የሚሰማቸው ፊልም ሠሪ እንፈልጋለን።