ደጋ እና ሃይላንድ

ቀን ቀን ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ማታ፣ መብራት ካለ፣ ግጥም ቢጤ እሞክራለሁ። ሁለቱም ሥራዎች አንድ ክፉ ዐመል አስተምረውኛል፤ ያልተመጣጠነ ሒሳብም ሆነ ከትርጉሙ የሳተ ቃል አይቼ ዝም ማለት አልችልም። በተለይ ከእንግሊዝኛ ተሰድደው የመጡት ቃላት ዕረፍት ይነሡኛል። «ሰርቪስ» አገልግሎት መሆኑ ቀርቶ ሠራተኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ሆነ፤ ከዋናው ቤት ጀርባ የሚሠሩት ክፍሎችም «ሰርቪስ» ናቸው። «ኮንትራት» እኛ ዘንድ ፊርማና ማኅተም ያለበት ውል ነው፤ መናኸሪያ በር ላይ ግን ባለታክሲው ብቻዬን ጭኖኝ ሊሄድ ሲፈልግ «ኮንትራት ነህ?» ይለኛል። ኦሞንማ አላነሣውም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ «ሃይላንድ» ነው። የመንዝ ልጅ ነኝ። በልጅነታችን ወደ ጓሳ የሚያልፍ መኪና ስናይ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያልን አቧራው ውስጥ እንሮጥ ነበር። ስሙ የታሸገ ውኃ ስም ነው፤ እኛ የምንሻው ግን ባዶውን ፕላስቲክ ነበር። እረኛ አሬራ፣ ተማሪ ውኃ ይይዝበታል።

ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ጂኦግራፊ በእንግሊዝኛ ሆነ። መምህሩ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጽፎ ትርጉሙን ጠየቀ። ከሁሉ ቀድሜ እጄን አወጣሁና «ባዶ የውኃ ፕላስቲክ» አልሁ። ከተማሪው የሳቀ አልነበረም፤ ሁሉም የሚያውቀው እንደኔ ነው። የሳቀው መምህሩ ብቻ ነበር። እንባው እስኪመጣ ሳቀና በመስኮቱ ወደ ውጭ እያመለከተ፣ «የተቀመጥክበት ነው» አለኝ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ብርዱ እያንቀጠቀጠን፣ ሃይላንድ ላይ ቆመን ሃይላንድ ስንለምን ኖረናል።

ከዚያ ወዲህ ፕላስቲኩን በዚያ ስም ጠርቼው አላውቅም። የሚጠራውንም አርማለሁ፤ ወዳጆቼ ተሰላችተውብኛል።

ባለፈው ጥር እናቴ ጠበል ይዛልኝ መጣች። «ሃይላንዱን ቀጥ አድርገህ አቁመው፤ እንዳይፈስስ» አለችኝ። ዐመሌ አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ሃይላንድ ማለት እኮ በእንግሊዝኛ ደጋ ማለት ነው። ያንቺው አገር።»

«ታዲያ ይኼን ምን ልበለው?»

«የፕላስቲክ…» ብዬ ጀመርሁና «ፕላስቲክ»ም የፈረንጅ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አቋረጥሁ። እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ጥቂት ጠበቀችኝ።

«ደጋማ ደጋ ነው፣ ልጄ» አለች። «ይኼ ሃይላንድ ነው። ጠበሉን ስትጨርስ እንዳትጥለው፤ መልሰህ ላክልኝ።»