«ከናሩቶ በኋላ አኒሜ የለም» ለምትሉ ወዳጆቼ

በየወጣት ኅብረቱ አንድ ሁለት አትጠፉም። ታናናሾቻችሁ ስለ አዲስ አኒሜ ሲያወሩ ሰምታችሁ «እኛ ያየነውን ብታዩ ኖሮ!» ትላላችሁ። ዛሬ የምጽፈው ለእናንተ ነው። እኔም በ30ዎቹ ዕድሜ ያለሁ፣ ከእናንተው ወገን የሆንሁ ሰው ነኝና በቁጣ አታንብቡኝ።

ብዙዎቻችን አኒሜን ያየነው «አኒሜ» የሚለውን ስም ሳናውቅ ነው። እቤታችን ወይም ጎረቤት ዲሽ ተተከለ፤ በዓረብኛ ቻናል ካፒቴን ማጂድ ኳስ ሲመታ ተመለከትን። ኳሷ ግብ እስክትደርስ ክፍሉ ያልቅና እስከ ነገ እንጨነቃለን። ልጁ በጃፓን ጹባሳ እንደሚባል፣ ታሪኩም በቴሌቪዥን የወጣው በ1983 እንደ ሆነ ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮውን መውደዳችሁ እውነተኛ ምክንያት አለው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሥዕሉ የሚቀባው ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ነበር፤ ከዚያ አንድ በአንድ በካሜራ ይነሣል። በኋላ ሥራው ወደ ኮምፒውተር ገባ። ዓይናችሁ የሚናፍቀው ያ የእጅ ቀለም በእርግጥም የለም።

ነገር ግን ለእኛ የሚበጅ ለውጥም መጥቷል። ያኔ ተከታታዩ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ መውጣት ነበረበት። ናሩቶ ከ2002 እስከ 2007 ድረስ 220 ክፍል ሄዷል፤ ማንጋው ገና ስላልቀደመ ግን የመጨረሻዎቹ 80 ያህል ክፍሎች በአብዛኛው መሙያ ናቸው። የዛሬዎቹ ብዙዎቹ 12 ወይም 24 ክፍል ይሠሩና ይቆማሉ፤ ሲዘጋጁ ደግሞ ይቀጥላሉ። ሥራ፣ ልጅና የመዘምራን ልምምድ ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። እንግዲህ ሦስት ልጠቁማችሁ።

ድራጎን ቦልን የወደዳችሁት ለጉዞውና ለባልንጀርነቱ ከሆነ፣ «ፍሪረን»ን እዩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2023 ጀምሮ በ2024 የተፈጸመ ሲሆን 28 ክፍል አለው፤ የሠራው ማድሃውስ የተባለው ስቱዲዮ ነው፣ ዴዝ ኖትን የሠራው። ሌላው ታሪክ ክፉው ንጉሥ ሲሸነፍ ያልቃል፤ ይህ ከዚያ ይጀምራል። አራት ጓደኞች 10 ዓመት ተጉዘው አሸንፈው ይመለሳሉ። ከአራቱ አንዷ ፍሪረን ከሺህ ዓመት በላይ ከሚኖር ዘር ናትና፣ 10 ዓመቱ ለእርሷ እንደ ጥቂት ቀን ነው። ከ50 ዓመት በኋላ ስትመለስ መሪያቸው ሂመል አርጅቶ፣ ራሱ ተመልጦ ታገኘዋለች፤ ብዙም ሳይቆይ ይሞታል። በቀብሩ ላይ «አብሬው ስጓዝ ለማወቅ አልሞከርሁም» ብላ ታለቅሳለች። የቀረው ታሪክ ሰውን ማወቅ የምትማርበት ጉዞ ነው። ፍሪረን አስማተኛ ናት፤ ይህ ኅሊናውን የሚከብደው ቢኖር ይለፈውና ወደ ሁለተኛው ይሂድ።

ይህን ታሪክ ያየሁት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ነው፤ እርሱ ዱባይ፣ እኔ አዲስ አበባ ሆነን። ልጆች ሳለን አንድ ወንበር ላይ ተጣብበን፣ የማናውቀውን ዓረብኛ እየገመትን እናይ ነበር። ከሄደ ወዲህ ስልካችን «ደህና ነህ? እማዬስ?» ከማለት አልፎ አያውቅም። በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል አይተን ልንደዋወል ተስማማን። በአራተኛው ሳምንት ስለ ሂመል እያወራን ሳለ፣ አባታችን ሲያርፍ ለቀብሩ መድረስ ስላልቻለበት ቀን ነገረኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንሥቶት አያውቅም ነበር። እኔም ሳላቋርጠው ሰማሁት። ያን ዕለት ስልኩን የዘጋነው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው።

ሁለተኛው «ቪንላንድ ሳጋ» ነው፤ ሩሮኒ ኬንሺንን ለምትወዱ። ኬንሺን ዳግመኛ ላይገድል ምሎ፣ ስለቱ ወደ ኋላ የዞረ ሰይፍ ይዞ እንደሚዞር ታስታውሳላችሁ። ቪንላንድ ሳጋ እዚያ መሐላ ላይ ሰው እንዴት እንደሚደርስ ያሳያል። ዘመኑ 11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሰዎቹ ቫይኪንጎች ናቸው። ቶርፊን የአባቱን ገዳይ ለመበቀል ከዚያው ገዳይ ጋር እየኖረ ያድጋል። በ2023 በወጣው ሁለተኛ ምዕራፍ ግን ባሪያ ሆኖ ጫካ ይመነጥራል፣ ስንዴ ይዘራል። በእጁ የሞቱት በሕልሙ ይመጡበታል። «ጠላት» የሚለውን ቃል ከሕይወቱ ማውጣት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አኒሜ አላየሁም። ሁለቱም ምዕራፎች 24 ክፍል አላቸው። የ2019ኙ የመጀመሪያ ምዕራፍ ደም የበዛበት ስለሆነ ልጆች ባሉበት አትክፈቱት።

ሦስተኛው «ፕሉቶ» ነው፤ መርማሪ ኮናንን እያያችሁ ላደጋችሁ። በ2023 የወጣ፣ አንድ ሰዓት ገደማ የሚረዝሙ 8 ክፍሎች ብቻ ያሉት ነው። መሠረቱ የኦሳሙ ቴዙካ አስትሮ ቦይ ነው፤ እርሱ በቴሌቪዥን የጀመረው በ1963 ነበር። ናኦኪ ኡራሳዋ ከዚያ አንዱን ታሪክ ወስዶ ለአዋቂ እንደ ገና ጻፈው። በዓለም ላይ ያሉት ሰባት ታላላቅ ሮቦቶች አንድ በአንድ ይገደላሉ፤ ወንጀሉን የሚመረምረው ጌዚክት ራሱ ከሰባቱ አንዱ ነው። እየቆየ ጥያቄው ከገዳዩ ማንነት ወደ ጥላቻው ምንጭ ይዞራል፤ ምርመራውም ወደ አለቀ ጦርነት ይመልሰናል። ጦርነት ካየ አገር ለመጣን ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ሦስቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። አንዱን ምረጡና ሦስት ክፍል ታገሡት፤ ካልያዛችሁ ተዉት። ብቻችሁንም አትዩ። በኅብረታችሁ ካሉት ታናናሾች አንዱን «አንተ አሁን ምን እያየህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የእርሱን አንድ እዩለት፣ በምላሹም ከድሮዎቹ አንዱን በፍላሽ ስጡት። ወይም ድምፁን ከሰማችሁ የቆየ ወንድም ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉለትና በየትኛው እንደምትጀምሩ ተማከሩ።