የዝባዱ ቀንድ

ቡራዩ ያለችው አክስቴ ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ «ልጄ ሱሉልታ ልትዳር ነውና የእናቴን ቀንድ ይዘህ እንድትመጣ» አለችኝ። ቀንዷ የዝባድ ማስቀመጫ ናት። አያቴ ሰበታ በነበረው ቤቷ፣ ከሣጥኗ ሥር በጨርቅ ጠቅልላ ታኖራት ነበር። የምትከፈተው ለሠርግና ለዓውዳመት ብቻ ነው። አያቴ በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክታ ከቅቤ ጋር ትለውሰውና ከጆሮዋ ሥር ትቀባዋለች። ለብቻው ሲሸቱት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር፣ ከቅቤው ጋር ሲዋሐድ ቤቱን ያውደዋል። ከየት እንደሚመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።

አክስቴ የደወለችው ስለ አንድ የለንደን ሽቶ ቤት ሳነብ በሰነበትሁበት ሰሞን ነው። «ቦፎርት ለንደን» ይባላል። የመሠረተው ሊዮ ክራብትሪ የተባለ የከበሮ ተጫዋች ሲሆን፣ ሽቶዎቹ የሚቀመሙት ከእንግሊዝ ታሪክ ጨለማ ገጽ ነው። «ቶኔር» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1805 የተካሄደውን የትራፋልጋር የባሕር ውጊያ በባሩድ፣ በጭስና በደም ሽታ ያስታውሳል። «ቪ ኤት አርሚስ» ደግሞ የሻይና የኦፒየም ንግድን።

መቼም የኢትዮጵያዊ ነገር ነውና ወዲያው መቅደላ ትዝ አለችኝ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ አምባው ተዘረፈ፤ ብራናውና ንዋየ ቅድሳቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ የቀረው ተቃጠለ። ይህንንስ በየትኛው ጠርሙስ ይሸጡት ይሆን? ብዬ ተናደድሁ።

ንዴቴን ሊሙ ተወልደው ላደጉ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ አወራሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «የእንግሊዙን ተወውና የእኛን ልንገርህ» አሉኝ።

ዝባድ የሚገኘው ከጥርኝ ነው። በወጣትነታቸው ወንድ ወንዱን ከጫካ በወጥመድ ይይዙና፣ ዞር ማለት በማያስችል ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ይዘጉበታል። እሳት በሚነድበት ጨለማ ቤት ይቀመጣል። በየዘጠኝ በየአሥር ቀኑ አንዱ ጭራውን፣ ሌላው የኋላ እግሮቹን ይዞ፣ ከጭራው ሥር ያለው ከረጢት በቀንድ ማንኪያ ይፋቃል። «ከልጆቻችን በፊት ሥጋ የሚበላ እርሱ ነበር» አሉኝ። «ያም ሆኖ ገና እንደተያዙ ብዙዎቹ ይሞቱብን ነበር።»

በየቀንዱ የታሸገው ዝባድ ባሕር ተሻግሮ ለአውሮፓ ሽቶ ቀማሚዎች ይደርስ ነበር። ለዘመናት የዓለምን ገበያ በብዛት የመገበችው አገራችን ናት። ከሽታው ዋናው ንጥረ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ኬሚስቱ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ በፋብሪካ የሚሠራ ምትክ ተገኘለት፤ ሻኔልም ከ1998 ጀምሮ በእውነተኛው ዝባድ መጠቀም ማቆሙን ገልጿል።

ያን ምሽት ቀንዷን ከፍቼ አሸተትሁ። የአያቴ አንገት ሸተተኝ፤ እንባዬ መጣ። ጥርኙም አብሮ ታየኝ። የለንደኖቹ፣ ለገበያ ብለውም ቢሆን፣ ጨለማውን ሳይደብቁ ይናገራሉ። እኛ ግን የራሳችንን በጨርቅ ጠቅልለን ሣጥን ሥር አኖርነው።

ቀንዷን ሱሉልታ እወስዳታለሁ። ሙሽራዋ ከመቀባቷ በፊት ግን የአዛውንቱን ጨዋታ አጫውታታለሁ። ከዚያ በኋላ መቀባቱም መተዉም የእርሷ ፈንታ ነው።