የጎመን ክሽክሽና እናቴ

ሰው በተሰደበበት ቃል ሊማር ይችላል ቢሉኝ ከዚህ በፊት አላምንም ነበር። በዚህ ዓመት ግን የደረሰብኝ ይኸው ነው።

አንድ ማክሰኞ የሥነ ሕይወት መምህራችን በደቡብ ሕንድ ስለሚገኝ፥ ደረቅ ስንጥር ስለሚመስል አንድ ነፍሳት ነገሩን። ቁጥቋጦ ላይ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ጭራሮ እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት አይመስልም። ወንዱ እጅግ ብርቅ ስለሆነ ሴቲቱ ያለ ወንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ከእንቁላሉም ሴቶች ይፈለፈላሉ፤ እነርሱም በተራቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ይህን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ ስሜን ጠርቶ «ሴት ያሳደገው ማለት እንግዲህ ይኼ ነዋ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

አባቴ የሞተው የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። እናቴ ኮምቦልቻ ላይ እንጀራ እየጋገረች በመሸጥ አሳደገችኝ፤ እኔም ደሴ ከአጎቴ ቤት ተቀምጬ እማራለሁ። ስድቡ ከእኔ አልፎ እርሷን ስለነካብኝ ዕንባዬ መጣ። ደወል ሲደወል መምህራችን ጠርተው «ሕንድ ድረስ መሄድ አያሻህም። ያለ ወንድ የምትወልድ ፍጥረት ከእናትህ ጓሮ ጎመን ላይ ታገኛለህ» አሉኝ። ክሽክሽን ማለታቸው ነበር።

ቅዳሜ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። በእርግጥም የጎመኑ ቅጠል ጀርባ አመድ የተነሰነሰበት በሚመስል ክሽክሽ ተሸፍኗል። አንዲቱን ትልቅ ከነቅጠሏ በብርጭቆ ውስጥ አስቀምጬ አፉን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አሰርሁት። በማግሥቱ ጧት የተወለዱ ጥቃቅን ልጆች አገኘሁ። ከእነርሱ አንዲቱን ብቻ አስቀርቼ እናቷንና እኅቶቿን አወጣሁ። እንግዲህ ይህች ከተወለደች ጀምሮ ብቻዋን ናት።

ወደ ደሴ መመለሴ ስለሆነ እናቴን እንድትጠብቅልኝ ለመንኋት። «ጎመኔን አመድ ነስንሼ ላድነው ሲገባኝ፥ ተባይ ቀላቢ ልሁንልህ?» ብላ ሳቀች። ቢሆንም በየጧቱ ቅጠል አጥባና አገላብጣ አይታ ስትቀይር ሰነበተች። ልጅ በተወለደ ቁጥር በዶሮ ላባ ጫፍ እያነሣች ታወጣለች፤ ስለ እያንዳንዱም አንዲት ሽምብራ በስኒ ውስጥ ትጥላለች።

በአራተኛው ቅዳሜ ስሄድ ስኒው ውስጥ 31 ሽምብራ ቆጠርሁ።

በጄኔቭ የነበረው ሻርል ቦኔ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1740፥ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፥ ይህንኑ ፈትኖ አንዲት ክሽክሽ በ21 ቀን 95 ልጆች ስትወልድ መቁጠሩን መምህራችን በኋላ ነገሩኝ። የፍጥነቱ ምሥጢር ክሽክሽ ገና ስትወለድ በሆዷ ውስጥ የራሷ ልጆች መፈጠር መጀመራቸው ነው፤ አያት፥ እናትና ልጅ በአንድ ገላ ውስጥ ይገኛሉ። ብርዱ በሚበረታበት አገር ከብርዱ ወራት አስቀድሞ ወንዶች ይወለዳሉ፥ ሴቶቹም እንቁላል ይጥላሉ፤ ብርዱንም የሚያልፈው እንቁላሉ ነው። እንዲህ ያለ ብርድ በሌለበት ግን ዓመት እስከ ዓመት ያለ ወንድ መውለድ ይቻላቸዋል።

ነገሩ ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስል፥ የገብስን ክሽክሽ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ተባይ በፈረንጆች 1972 በሰሜን ኢትዮጵያ መታየቱ ተመዝግቧል፤ ወደ ወሎም ተዛምቷል። የገብሱን ቅጠል ጠቅልሎ በውስጡ ስለሚደበቅ መድኃኒት በቀላሉ አያገኘውም፤ ቅጠሉም ነጭ መስመር እያወጣ ይደርቃል። አንዲት እናት ከተረፈች ማሳው እንደ ገና ይወረራል።

ያን ቅዳሜ ማታ ስኒውን ይዤ «እማ፥ አየሽ፥ ያለ ወንድም ይቻላል!» አልኋት። ስለ ስድቡ ግን ትንፍሽ አላልሁም ነበር። እርሷ ዓይኔን አይታ አወጣጣችኝ። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ እንዲህ አለች።

«አብሽር፥ ልጄ። እሷ ባል አታውቅም፥ ስለዚህ አልጎደላትም። እኔ ግን አባትህን አውቄ አጥቼዋለሁ። ግንባርህም፥ አካሄድህም የሱ ነው። ደግሞ ይቺን ሦስት ሳምንት ጠበቅኋት፤ ወልዳ ጥላ ቅጠሏን ስትመጥ ነው የምትውለው። አንዷን እንኳ ዞር ብላ አላየችም። ወለደች እንጂ መቼ አሳደገች?»

ይህን ስትናገር እጇ ላይ ያለውን የምጣድ ጠባሳ አየሁ። የክሽክሽ ልጅ የእናቷ ግልባጭ ናት፤ እኔ ግን የሁለት ሰዎች ልጅ ነኝ። ብቻዋን ያደረገችው መውለዱን ሳይሆን ማሳደጉን ነው። እርሱን ደግሞ ክሽክሽም ሆነች የሕንዷ ስንጥር መሳይ አልቻሉበትም።

ሰኞ ስኒውን ይዤ ወደ ክፍል ገባሁ። መምህራችን ፈቅደውልኝ የሙከራውን ነገር ተናገርሁ፤ ቆጣሪዋ እናቴ መሆኗንም አልሸሸግሁም። ያ ከኋላ ወንበር የሰደበኝ ልጅ ተነሥቶ መጣና ሽምብራውን አንድ በአንድ ቆጠረ። 31 ሆነለት። «በየቀኑ እሷ ናት የቆጠረችው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎን» አልሁት። ስኒውን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፥ የጓሮ ጎመናችሁን ቅጠል ገልብጣችሁ እዩ። እኔን ደግሞ ሴት ያሳደገው የሚለኝ ቢኖር ከእንግዲህ አልቆጣም፤ እውነቱን ነውና።