ጭቃው ረገፈ፣ ማገሩ ያዘ

ግንበኛ ነኝ፤ የባሌ ሮቤ ልጅ። በ2017 ዓ.ም መሬቱ ሲናወጥ ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርጄ አዋሽ ፈንታሌ ወረዳ፣ ሳቡሬ ነበርኩ። ነገሩ በመስከረም ጀመረ፤ ከታኅሣሥ አጋማሽ ወዲህ ግን ቀንም ሌትም ሆነ። ሸራ ያገኘ ሰው ውጭ ያድራል። እኛ አላገኘንም፤ ከሥራ ጓደኛዬ ጋር በተከራየናት የብሎኬት ክፍል እንተኛ ነበር።

ታኅሣሥ 26፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው። በጂቡቲ መንገድ ዳር የሚተኛ ሰው የከባድ መኪና ጉርምርምታ አይቀሰቅሰውም፤ ይኼኛው ግን ከመንገዱ ሳይሆን ከአልጋዬ ሥር ነበር። ከዚያ ክፍሏ ወደ ጎን ሄደች፣ ተመለሰች። ለመነሣት ስሞክር ወለሉ እግሬን አልቀበል አለ። የበሩ ግድግዳ ከማዕዘኑ ተላቆ ወደ ውጭ ተዘረረ። ወደ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያወራ አይኖርም። ከሌላው ጎን የረገፈ ብሎኬት የጓደኛዬ እግር ላይ አረፈ፤ ጎትቼ አወጣሁት፤ ዛሬም ያነክሳል። ቆርቆሮው ቀላል በመሆኑ በቀሩት ግድግዳዎች ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የአርማታ ሶሌታ ቢሆን ኖሮስ?

የመንቀጥቀጡ መጠን ወደ 5.8 የሚጠጋ ነበር ተባለ።

ሲነጋ ፍርስራሹን በሙያዬ ዐይን አየሁት። በማዕዘኑ ላይ የአንዱ ግድግዳ ብሎኬት ከሌላው ጋር አልተጠላለፈም፤ ከላይም ሁሉንም የሚያቅፍ ታፕ ታይ ቢም የለም። አራት ግድግዳ ጎን ለጎን ቆሞ ቤት ተባለ እንጂ ቤት አልነበረም። የጎረቤታችን የእማማ ጭቃ ቤት ግን ምርጊቱ እንዳለ ረግፎ ቋሚውና ማገሩ ቆሟል፤ በእንጨቱ መካከል ማዶ ያለው ድንኳን ይታያል።

«እማማ፣ ተረፉ?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሥጋዋ ነው የረገፈው፤ አጥንቷ አለ» አሉኝ፣ ቤታቸውን እያዩ።

ጭቃ ሁሉ ተረፈ ማለቴ አይደለም። ቋሚውን ምስጥ የበላው ቤት ከብሎኬቱም ብሶ ተቀምጧል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አታላይ አየለ በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲያስረዱ እንደሰማነው፣ በፈንታሌና በዶፋን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዐለት ከሥር እየተገፋ ነበር። ስምጥ ሸለቆው በየዓመቱ በሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ቅልጡ መንገድ ሲያገኝ ግን ዐለቱን በአንዴ ይሰነጥቀዋል። በዶፋን በኩል እንፋሎትና ጭቃ ሲተፋ አገር ያየው ከዚያ ሌሊት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። በአፋርና በኦሮሚያ 80 ሺህ ያህል ሰው ከቦታው እንደሚነሣ ተነገረ። እኔም ጓደኛዬን ይዤ ወጣሁ። የካቲት 7 ሌሊት በ6.0 ሲመታ ሮቤ ገብቻለሁ።

አሁን ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት እየሠራን ነው፤ ምድር ቤቱ ለሱቅ ተብሎ ከፊት ለፊት ክፍት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። መሬት ወደ ጎን ስትሄድ ቤት ባለበት ልቅር ይላል፤ በከበደ ቁጥር እንቢታው ይብሳል፤ ያ ሁሉ ትግል ግድግዳ በሌለው ምድር ቤት ኮለኖች ላይ ያርፋል። እዚያ ጋ ቋሚ ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ስታፋ ከተራራቀ ወይም ጫፉ ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ከቀረ፣ አርማታው ሲፈነዳ ፌሮው እንደ ገለባ ይጎብጣል።

ባለቤቱ በእናቴ በኩል ዘመዴ ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ይህ እኮ ባሌ ነው፤ አፋር አደረግኸው?» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ባሌ ከስምጥ ሸለቆው በስተ ምሥራቅ ያለ ደጋ ነው፤ እንደ አዋሽ አይናጥም። ግን ሸለቆው ያለው ከአርሲ ማዶ ነው። በ1898 ዓ.ም ነሐሴ ላንጋኖ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ ከ6.5 በላይ ነበር፤ አዲስ አበባ ድረስ ሰው አስደንግጧል። ያኔ በዚህ አገር የብሎኬት ፎቅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ለፌሮ የሚጨመረው ለቀለምና ለመስታወት ከሚወጣው አይበልጥም» አልኳቸው። ፌራዮው በመካከላችን ቆሞ ይስቃል።

የምድር ቤቱ ኮለን ስታፋ በየ10 ሳንቲሙ ታስሯል፤ ጫፉንም አንድ በአንድ አሳጥፌዋለሁ። ስለ ላይኛው ገና እየተከራከርን ነው።