ዓሣውን ለሁለት እዘዙ

‹‹ባሕር ዳርቻ ብንወርድ የት እናድራለን? ምንስ እንበላለን?›› ለምትሉ እጩ መምህራን፣ በ2010 ዓ.ም. በክረምት ዕረፍት ኦቦክ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ኦቦክ ከጅቡቲ ከተማ ማዶ፣ ከባሕረ ሰላጤው በስተሰሜን ያለች ትንሽ ወደብ ናት። ፈረንሳዮች መቀመጫቸውን ወደ ጅቡቲ ከማዛወራቸው በፊት ዋና ከተማቸው እሷ ነበረች። በጀልባ ወይም በታጁራ በኩል በመኪና ይደረሳል። የክረምቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ስለዚህ ከተዘጋ ክፍል ይልቅ ደጅ አልጋ መጠየቅ ይሻላል። ምግቡ ዓሣ ነው፤ እንደ የመኖች ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ምድጃ ውስጥ ተጠብሶ በትኩስ ቂጣ ይቀርባል። አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል።

እኔ ብቻዬን አዘዝኩ። ሙቀቱን በአማርኛ ሳማርር አንድ ልጅ ጠጋ ብሎ ‹‹ጋሼ፣ የወሎ ሰው ነዎት እንዴ?›› አለኝ። ስምንተኛ ክፍል አቋርጦ፣ ከጓደኞቹ ጋር ግራር ሥር እያደረ የየመን ጀልባ ይጠብቃል። አብረን በላን። ‹‹ሥራዎ ምንድን ነው?›› ሲለኝ ‹‹አስተማሪ›› ለማለት አፌ ተያዘ። ‹‹አላህ ይስጥልኝ›› ብሎኝ ሄደ።

እንግዲህ ኦቦክ ከሄዳችሁ ዓሣውን ለሁለት እዘዙ። ነገ ክፍላችሁ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ ስታዩ ደግሞ፣ ያ ልጅ የት እንደሚያድርና ምን እንደሚበላ ቀድማችሁ ጠይቁ።