ድሬዳዋን 87 ጊዜ አሳንሶ መሥራት፦ የባቡር ሞዴል በጀርመንና በአገር ቤት

የባቡር ሞዴል ግንባታ እውነተኛውን ባቡር፣ ሐዲዱን፣ ጣቢያውንና በዙሪያው የተቆረቆረውን ከተማ በተወሰነ ልክ አሳንሶ መሥራት፣ የተሠራውንም እንደ እውነተኛው መስመር በሥርዓት ማንቀሳቀስ ነው። በጀርመን፣ በስዊዘርላንድ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ ይህ ሥራ ከልጆች መጫወቻነት አልፎ የጎልማሶች የእጅ ሙያ፣ የማኅበራት መሰባሰቢያና የታሪክ መመዝገቢያ ከሆነ ቆይቷል። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ባቡር ያየች አገር ብትሆንም ይህ ልምድ በውስጧ ሥር አልሰደደም፤ በአንጻሩ የራሱ ክብርና ብልሃት ያለው ሌላ የእጅ ሥራ አላት። የሁለቱ ልምዶች ንጽጽር በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ካሉበት አገር የተማሩትን ሙያ ለድሬዳዋና ለአዲስ አበባው ባቡር ጣቢያ ለለገሃር መታሰቢያ እንዴት ሊያውሉት እንደሚችሉ ያመለክታል።

በጀርመን የሙያው ታሪክ ጎፒንገን ከምትባለው ከተማ ጋር የተሳሰረ ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1859 የተቋቋመው ሜርክሊን የቆርቆሮ መጫወቻ በመሥራት ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርዒት ላይ የሐዲድ ስፋታቸው ደረጃ የወጣለት የመጫወቻ ባቡሮችን አቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቤተሰብ ዘንድሮ የገዛው ሐዲድ ከዓመታት በኋላ ከሚገዛው ጋር መገጣጠም በመቻሉ፣ በገና ሰሞን ከዛፉ ሥር የሚዘረጋው ባቡር ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ቅርስ ሆነ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1935 የተመሠረተው ብሔራዊ የባቡር ሞዴል ማኅበር የሐዲዱን፣ የመንኮራኩሩንና ኋላም የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን ደረጃ እያወጣ፣ የተለያዩ ፋብሪካዎች ምርት በአንድ መስመር ላይ አብሮ እንዲሠራ አድርጓል።

የሥራው ሁሉ መሠረት ስኬል ነው፤ ስኬል ማለት በሞዴሉና በእውነተኛው ነገር መካከል ያለው የልክ ንጽጽር ነው። በብዛት የሚሠራበት ኤች ኦ የሚባለው ሲሆን እያንዳንዱን ነገር 87 ጊዜ ያሳንሳል፤ በዚህ ልክ 1 ሜትር ከ70 የሚረዝም ሰው ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃም 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። ቤታቸው ለጠበበ ሰዎች 160 ጊዜ የሚያሳንሰው ኤን እና 220 ጊዜ የሚያሳንሰው ዜድ አሉላቸው። ስኬሉ አንዴ ከተመረጠ በኋላ በሩ፣ መስኮቱ፣ ዛፉና የመብራት ምሰሶው ሁሉ ለእርሱ ይገዛሉ፤ አንዱ ከልኩ ቢወጣ ከተማው በሙሉ መጫወቻ መምሰሉ አይቀርም።

ግንባታው ከእንጨት ፍሬም ይጀምራል፤ በላዩ ኮምፔንሳቶ ይነጠፋል፣ ተራራና ሸለቆው በፎም ተቀርጾ በጀሶ ይለበጣል፣ ከዚያም ሐዲዱ ተዘርግቶ የኤሌክትሪክ ገመዱ ከሥሩ በስታኞ ይበየዳል። ከሁሉ ይበልጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው በሐዲዱ እንጨቶች መካከል ጠጠር ማልበስ ነው። ሠሪው የተነፋ ደቃቅ ጠጠር በማንኪያ አፍስሶ በለስላሳ ብሩሽ ያስተካክለዋል፤ ቀጥሎ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና የተጨመረበት ውሃ በስሱ ይረጭበታል፣ ሳሙናው ውሃው በጠጠሩ ላይ እንዳይኳለል ስለሚያደርገው ኋላ የሚንጠባጠበው የቀጠነ ነጭ ኮላ እስከ ሥር ይዘልቃል። በማግስቱ ኮላው ሲደርቅ ጠጠሩ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሳሙናው ከተረሳ ግን ኮላው ላይ ላዩን ተጠቅልሎ ይቀርና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል።

ሥራው በግንባታ አያበቃም፤ የተሠራው መስመር አገልግሎት እንደሚሰጥ መስመር መንቀሳቀስ አለበት። በዛሬው ዲጂታል አሠራር በእያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ውስጥ የራሱ ቁጥር ያለው ትንሽ ትእዛዝ ተቀባይ ስለሚገጠም፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ያሉ ባቡሮችን ለየብቻ ማዘዝ ይቻላል። የማኅበር አባላት በተሰበሰቡ ቀን አንዱ የመስመር ተቆጣጣሪ፣ ሌላው ነጂ፣ ሌላው የጣቢያ ሹም ይሆናል፤ ሰዓቱም ከእውነተኛው እንዲፈጥን ተደርጎ የአንድ ሙሉ ቀን የጉዞ መርሐ ግብር በጥቂት ሰዓት ይጠናቀቃል። የዚህ ሥራ ትልቁ ማሳያ በሐምቡርግ አሮጌው የመጋዘን ሰፈር የሚገኘውና መንትዮቹ ፍሬድሪክና ጌሪት ብራውን እ.ኤ.አ. በ2001 የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ነው፤ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ሐዲድ አለው፣ የአዳራሹ መብራት በየ15 ደቂቃው ቀኑን ወደ ሌሊት ይለውጣል፣ ሲመሽም የትንንሾቹ ከተሞች መስኮቶች አንድ በአንድ ይበራሉ።

በኢትዮጵያ ለዚህ ቅርብ የሆነው ልምድ የሽቦ መኪና ነው። ልጆች ከአጥርና ከግንባታ የተረፈ ሽቦ ለቅመው በድንጋይ እያቃኑ የአይሱዙን ቅርጽ ያወጣሉ፤ ጎማውን ካረጀ ነጠላ ጫማ ቆርጠው ወይም ከቆርኪ ሠርተው ይገጥማሉ፤ ረጅም እጀታና ክብ መሪ ጨምረውለትም ከኋላው እየሮጡ የፊት ጎማውን በእውነት ያዞሩታል። ከጭቃ በሬና ላም የሚያበጁ እረኞችም አሉ፤ በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች የሚሠሯቸው ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ደግሞ ለገበያ የበቁ ሲሆኑ፣ ከሠሪዎቹ መካከል ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም በሙያው የገፉ አሉ።

በሁለቱ ልምዶች መካከል ያለው ዋና ልዩነት የችሎታ ሳይሆን የልክ ነው። የሽቦ መኪናው ሠሪ የሚሠራውን የሚያውቀው በዐይኑና በእጁ ሲሆን፣ መሪው የሚያዞርበትን ስልት ከማንም መመሪያ ሳይቀበል ስለሚያገኘው የተዘጋጀ ሳጥን ገዝቶ ከሚገጣጥም ሰው በብልሃት ይልቃል። ይሁን እንጂ ሥራው ስላልተለካ ከሌላ ልጅ ሥራ ጋር አይገጥምም፣ ሠሪው ሲያድግም ተጥሎ ይቀራል። የጀርመኑ ሠሪ በበኩሉ ጣቢያውን ለክቶ፣ ፎቶግራፉንና የፕላኑን ግልባጭ አሰባስቦ፣ የሚሠራበትንም ዘመን ወስኖ ስለሚነሣ፣ እውነተኛው ሕንፃ ቢፈርስ እንኳ መልኩንና መጠኑን የሚያስረዳ ሰነድ በእጁ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ሰነድ ለኢትዮጵያ የሚያስፈልግበት ጊዜ አሁን ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የተጀመረው፣ ከጅቡቲ የሚነሣው የባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅም ድሬዳዋ ከተራራው ግርጌ የባቡር ከተማ ሆና ተቆረቆረች። ዛሬ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በሌላ መስመርና በሌሎች ጣቢያዎች ይሠራል፣ ከአሮጌዎቹ ጣቢያዎች አብዛኞቹም ከሥራ ውጭ ሆነዋል፤ የለገሃር አካባቢ በአዲስ ግንባታ እየተለወጠ ነው፤ በድሬዳዋም እ.ኤ.አ. በ2006 የደረሰው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ የከተማ መልክ በአንድ ሌሊት ሊለወጥ እንደሚችል አሳይቷል።

ድሬዳዋን በኤች ኦ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ከሚታሰበው በላይ የተመቸ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር ሞዴሉ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ሐዲድ ይፈልጋል፤ ይህ ሐዲድ ለስዊዘርላንድ የተራራ ባቡሮች ሞዴል ተብሎ ስለሚመረት በገበያ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በመስመሩ ላይ የገቡት የናፍጣ ሎኮሞቲቮች በስዊዘርላንድ በቪንተርቱር የተሠሩ በመሆናቸውም ንድፋቸውን ለመፈለግ መነሻው የታወቀ ነው። በእርግጥ 784 ኪሎ ሜትሩ መስመር በዚህ ስኬል እንኳ 9 ኪሎ ሜትር ስለሚረዝም ሁሉን መሥራት አይቻልም፤ ሠሪው መርጦ ማሳጠር አለበት። ሸመንደፈር የሚባለው ጣቢያ ከነጥገና ሥፍራው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቀጥ ብለው የተዘረጉት የከዚራ ሰፈር መንገዶች፣ በመካከል የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ፣ ከማዶ የመጋላ ሰፈር ጠባብ ጎዳናዎችና ገበያ ከተሠሩ ከተማዋ ትታወቃለች። ቡናና ቆዳ የጫኑ ፉርጎዎች ወደ ጅቡቲ ሲነሡ፣ የመንገደኛው ባቡር ከአዋሽ በኩል ሲገባ፣ የጣቢያው የቀን ሥራ በመርሐ ግብር ሊካሄድ ይችላል።

አንድ ሰው ብቻውን የማይወጣውን ሥራ ለማኅበር ማካፈል የሚያስችለው ደግሞ የሞጁል አሠራር ነው፤ ሞጁል ማለት ለብቻው ተሠርቶ ጫፎቹ ከሌላው ጋር እንዲገጥሙ በደረጃ የተለካ የሐዲድና የመሬት ክፋይ ነው። በጀርመን አባላት ሞጁሎቻቸውን በመኪና ጭነው በአንድ አዳራሽ ይገናኛሉ፣ ገጣጥመውም አብረው ይነዳሉ። በዚህ መንገድ በፍራንክፈርት ያለው ቤተሰብ ድሬዳዋን፣ በሽቱትጋርት ያለው የአዋሽን ድልድይ፣ በሙኒክ ያለው ሞጆን ቢሠራ በማኅበረሰቡ በዓላት ላይ መስመሩን መልሶ ማገናኘት ይቻላል፤ በውጭ የተወለዱ ልጆችም የወላጆቻቸውን አገር ከመስማት አልፈው በእጃቸው የሚሠሩት ይሆናል።

ለዚህ ሥራ የመጀመሪያው ዕቃ የሜትር ገመድ ነው። በዚህ ክረምት ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ፈቃድ ጠይቆ የጣቢያውን ሕንፃ ፊት ለፊት ፎቶግራፍ ያንሣ፣ ሲያነሣም ልኩ የታወቀ ባለ 1 ሜትር ዘንግ ከግድግዳው ጋር ያቁም፤ የበሩንና የመስኮቱን ስፋት ለክቶ ይጻፍ፤ በባቡሩ የሠሩ አረጋውያንን አግኝቶ የትኛው ፉርጎ የት ይቆም እንደነበር፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንደነበረው ይጠይቅ። ኮምፔንሳቶውም ሐዲዱም ነገ ሊገዙ ይችላሉ፤ የፈረሰ ሕንፃ ልክና ያለፈ ሰው ትዝታ ግን በኋላ አይገኙም፤ ስለዚህ መለካቱ ከዚህ ዓመት አይለፍ።